አሥራ ሁለት ካርቶን ለባሕር ማዶ ዘማቾች

1ኛ ቀን

ነገሩ የተጀመረው የአንድ ዘማች ወታደር እናት ቤት ነው። ልጃቸው ከአገሩ ርቆ ግዳጅ ከወጣ አራት ወሩ ነው። እያወራን ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ለማንሳት ሲጣደፉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። የደወለው ሌላ ሰው ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉትና «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ላድርግለት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ማታ ለአራት ጓደኞቼ ጻፍኩ። አምስት ሆንን። ልጁ ያለበት ጓድ አሥራ ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ካርቶን እናዘጋጃለን ተባባልን። ለአንዱ ደርሶ አሥራ አንዱ ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ደስ አይልም። ይህን ማስታወሻ የምይዘው፣ ነገ ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲጀምር እኛ የተደናቀፍንበት እንዳያደናቅፈው ብዬ ነው።

4ኛ ቀን

ለሦስት ሰው የነገርነው ወሬ ሁሉንም አዳረሰ። ሳሎኔ መራመጃ የለውም። የሰጠው ሁሉ በደስታ ነው የሰጠው፣ ይህ በጣም ደስ ይላል። ዕቃውን አንድ በአንድ ሳነሣ ግን ግማሹ የማይሄድ መሆኑ ገባኝ።

ሽቶ አለ። የሚረጭ ዲዮዶራንት አለ። ላይተር አለ። ሁለት ፓወር ባንክ አለ። እነዚህ በአውሮፕላን ለሚሄድ ፖስታ አይሆኑም። ሽቶው፣ ዲዮዶራንቱና ላይተሩ ተቀጣጣይ ናቸው። የፓወር ባንክ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከተጎዳ እሳት ያስነሣል። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃም ያው ነው። ስምንት ቆርቆሮ የታሸገ ምግብ መጣ። ሚዛን ላይ ሳወጣው ብቻውን የአንድ ካርቶን ክብደት ሆነ። ያገለገለ ልብስም መጣ። ወታደር ግን ግዳጅ ላይ ደንብ ልብሱን ነው የሚለብሰው። ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ሳምንት የቀረው ብስኩትም ነበር። እሱ መንገድ ላይ ያልፍበታል።

አንዲት ልጅ ትልቅ የሸክላ ኩባያ ገዝታ አምጥታለች። «እንወድሃለን» የሚል ተጽፎበታል። ሆዴ ተላወሰ። ግን ሸክላ ነው፣ ይሰበራል። ባይሰበርም እንኳ ዘማች ሰው ንብረቱን ተሸክሞ ነው ከቦታ ቦታ የሚሄደው። «ይቺን ቃል ወስደን ደብዳቤ እናድርጋት» አልኳት። ትንሽ አሰበችና እሺ አለች።

የማይሄደውን አልጣልነውም። ምግቡንና ልብሱን ለሚጠቅማቸው ሰዎች ሰጠን። ለሰጪዎቹም ደውለን ነገርናቸው። አንዷ ጓደኛዬ «ምን አስነገራችሁ፣ ቅር ይላቸዋል» ብላ ነበር። አንድም ሰው ቅር አላለውም።

ማታ ዕቃ መሐል ቁጭ ብዬ የእንግሊዟ ልዕልት የሜሪ ሳጥን ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1914 ለገና በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ላሉ ወታደሮች የተላከች፣ ከናስ የተሠራች ትንሽ ሳጥን ናት። ገንዘቡ ከሕዝብ ነው የተዋጣው። ለገና ብቻ ከ400,000 በላይ ሰው ደርሳዋለች። እኔን የገረመኝ ቁጥሩ አይደለም። አብዛኛዋ ሳጥን ትንባሆና ሲጋራ ነበረባት። አዘጋጆቹ ግን የማያጨስም አለ ብለው አሰቡ። ለማያጨሰው ከረሜላና መጻፊያ ወረቀት ከእርሳስ ጋር አደረጉለት። ለሲክ ወታደሮች የስኳር ከረሜላና ቅመም ሄደላቸው። ለነርሶች ቸኮሌት ሄደ። በዚያ ግርግር መሐል ተቀባዩ ማን ነው ብለው ጠይቀዋል።

እኛ አሥራ ሁለት ሰው ይዘን አልጠየቅንም። መሰብሰብ የጀመርነው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ነገ እንጠይቃለን።

5ኛ ቀን

በእናቱ በኩል አምስት ጥያቄ ላክን። ቶሎ የሚያልቅባችሁ ምንድነው? እዚያው ገዝታችሁ የምታገኙት ምንድነው? እንዳይገባ የተከለከለ አለ? የማይስማማው ወይም የማይበላው ነገር ያለው ሰው አለ? አምስተኛው ደግሞ፣ አሥራ ሁለቱም ስማቸው እኛ እጅ ቢገባ ፈቃደኛ ናቸው?

የመጨረሻው ጥያቄ ለጨዋነት ብቻ የተጠየቀ አይደለም። በአሜሪካ ድሮ «ለማንኛውም ወታደር» ብሎ ጽፎ መላክ ይቻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በፖስታ በተላከ አንትራክስ በሚባል ገዳይ ባክቴሪያ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ቀረ። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴርም ሕዝቡን በስም ለማይታወቅ ወታደር ጥቅል አትላኩ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማጓጓዣው ውስን ነው። ማን እንደሚቀበለው ያልታወቀ ካርቶን ቦታውን ሲይዝ፣ እናት ለልጇ የላከችው ጥቅል ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። በቅን ልብ የተላከ ነገር የሌላውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ በስሙ የምታውቀው ሰው ከሌለህ በደፈናው ከመላክ፣ ዘማቾችን የሚረዳ ሕጋዊ ድርጅት ወይም የዘማች ቤተሰብ ፈልግ። በነሱ በኩል ግባ።

8ኛ ቀን

መልስ መጣ። እናቱ ስልካቸውን ሰጡኝና ራሴ አነበብኩት።

«ምግብ አይቸግረንም። ካልሲ ያልቃል። ዋይፕስ (እርጥቡ መጥረጊያ) ያልቃል፣ ውሃ የማናገኝበት ቀን አለ። የእግር ፓውደርና የከንፈር ቅባት ካለ ጥሩ ነው። ዚፕ ያላቸው ላስቲኮች ላኩ፣ አቧራው የማይገባበት የለም። ሁሉም ስማቸው ቢሰጥ እሺ ብለዋል። እኛ መሐል ፖስታ መጥቶለት የማያውቅ ልጅ አለ። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ብቻ ለሁላችንም እኩል አድርጉት።»

የመጨረሻዋን መስመር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ሳሎኔ ውስጥ ከተከመረው ዕቃ እሱ ከጠየቀው ጋር የተገናኘው ሁለት ፓኬት ዋይፕስ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ዝርዝሩን የሚያወጣው እሱ ነው፣ እኛ አይደለንም።

11ኛ ቀን

ዛሬ ሙሉ ቀን ስለ ካልሲ ነው።

ሦስት ዓይነት ገዛሁ። አንዱ ጥጥ፣ አንዱ ሙሉ ናይለን፣ ሦስተኛው ሱፍ ከናይለን ጋር የተደባለቀ። የወንድሜን ከስክስ ተውሼ ከፊቱን በጨርቅ ሞላሁትና እያንዳንዱን ካልሲ አድርጌ ሁለት ሁለት ሰዓት ሄድኩ። መጀመሪያ ግን ካልሲዎቹን ትንሽ ውሃ አስነካኋቸው፣ ላብ እንዲመስል። ጥጡ ውሃውን ይዞ ቀረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተረከዜ ላይ ተሸበሸበ። ሳወልቀው ቆዳዬ ነጥቶ ተጨማዷል፣ አንድ ቦታም ውሃ ሊቋጥር ቀልቷል። ናይለኑ ቶሎ ደረቀ፣ ግን አቃጠለኝ። የሱፍ ድብልቁ እርጥብ ሆኖም ሙቀቱን አልጣለም። መጨረሻ ላይ እግሬ ደህና ነበር።

እንዲህ ማድረጌ ትርፍ ልፋት የመሰለው ሰው ይኖራል። እግር ግን ለወታደር ቀላል ነገር አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ውሃ ላይ ቆመው የዋሉ ወታደሮች እግራቸው እየደነዘዘ፣ እያበጠ፣ አንዳንዱም እየበሰበሰ ተቆርጧል። በሽታው ስሙን ያገኘው ከዚያው ከምሽጉ ነው። የእንግሊዝ ጦር ያገኘው መፍትሔ ወታደሩ ትርፍ ካልሲ እንዲይዝ፣ እግሩን አድርቆ የዓሣ ነባሪ ዘይት እንዲቀባ ማድረግ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነውም አንዱ የሌላውን እግር ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆችም ከዜሮ በታች የሚወርድ ክረምት ውስጥ ነው የተዋጉት። እንዲያ ባለ ቦታ ደረቅ ካልሲ ማለት ቆሞ መሄድ ማለት ነው።

ከመካከላችን አንዷ ሹራብ ትሠራለች። «እኔ በእጄ ልሥራላቸው» አለች። አንድ ጥንድ ጀመረች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ከባዱ ቦታ የጣቶቹ ጫፍ ነው። ሁለቱን ጎን ሰብስበህ ዝም ብለህ ከሰፋኸው ስፌቱ ጉብ ይላል። ቤት ውስጥ አይታወቅም። ጫማ ውስጥ ብዙ ሰዓት ሲሄዱበት ግን ያቆስላል። እሷ ክሩን በመርፌ ከወዲህ ዓይን ወደ ወዲያኛው ዓይን እያሻገረች ገጠመችው። እጄን አስገብቼ ስዳስሰው ስፌቱ የት እንዳለ አላገኘሁትም። ይህ አገጣጠም በእንግሊዙ የጦር ሚኒስትር በኪችነር ስም ይጠራል። እሱ ራሱ ነው ያስጀመረው የሚል ወሬም አለ።

አንድ ጥንድ አራት ቀን ይፈጅባታል። አሥራ ሁለት ጥንድ አይደርስም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሦስት ጥንድ የሱፍ ድብልቅ እንገዛለን፣ ቀለማቸውም ለደንብ ልብስ የሚሆን ጥቁርና አረንጓዴ። እሷ ደግሞ በቀሪው ጊዜ ማታ የሚደረግ ስስ ኮፍያ ትሠራለች። ኮፍያ ቶሎ ያልቃል።

13ኛ ቀን

ግዢ። ከዝርዝሩ አልወጣንም።

14ኛ ቀን

አንድ ካርቶን ለሙከራ አሸግን። ውስጡ ካልሲ፣ ዋይፕስ፣ ፓውደር፣ ሳሙና፣ ማስቲካ፣ ትንሽ ብስኩትና ቸኮሌት አለ። ብስኩቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ «ምግብ አይቸግረንም» ቢልም ለአፍ ማጣፈጫ ብዬ። ካርቶኑን ቀን ቀን ፀሐይ ላይ የሚቆም መኪና ውስጥ አስቀመጥነው። አምስት ቀን ይቆያል።

19ኛ ቀን

ከፈትነው። ሽታው ቀድሞን ወጣ።

ቸኮሌቱ ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ካልሲው ላይ ወርዷል። ብስኩቱን ቀመስኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ከሥር ደግሞ ሚንት አለው። ማስቲካውና ሳሙናው አምስት ቀን ሙሉ ብስኩቱ ውስጥ ሲገቡ ከርመዋል። የፓውደሩ ክዳንም ላልቶ ግማሹ ፈሷል።

ይህ ካርቶን እንዲሁ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ከፍቶ ምን ይል ነበር? መቼም ጥሩ ሰው ነው፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይጽፍልን ነበር። ስህተታችንንም ሳናውቅ ደግመን እንልክለት ነበር።

አሠራራችንን እንዲህ ለወጥነው። ቸኮሌት ወጣ። ብስኩት ወጣ፣ በቦታው ጨው ያለው ለውዝ በታሸገ ፓኬት ገባ። የሚሸት ነገር ሁሉ ለብቻው በሁለት ዚፕ ላስቲክ ታሸገ። የፓውደሩ ክዳን በፕላስተር ተጠቀለለ። ክፍት ቦታ በጋዜጣ መሞላት ቀረና በካልሲና በባዶ ላስቲኮች ሞላነው። ወረቀት እዚያ ቆሻሻ ነው፣ ካልሲ ግን ይለበሳል። የተቀባዩን አድራሻ በሌላ ወረቀት ጽፈን ካርቶኑ ውስጥም አስገባን። የውጪው ቢቀደድ የውስጡ ይቀራል።

ካሸግን በኋላ ካርቶኑን ከወገቤ ከፍታ በማዕዘኑ ጣልኩት። አንድ ጊዜ ተከፈተ። ፕላስተሩን በመሐል ስፌቱና በዳርና ዳሩ ደግመን ለጠፍን። ሁለተኛ ስጥለው አልተከፈተም።

22ኛ ቀን

ደብዳቤ።

ከዕቃው ይልቅ ይህ ከበደን። ሃያ ሰባት ደብዳቤ ተሰበሰበ። ማታ አምስታችን ቁጭ ብለን አነበብናቸው። አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። «ውድ ጀግና ሆይ፣ ስለ ከፈልከው መሥዋዕትነት እናመሰግናለን።» አራት መስመር፣ ከዚያ ፊርማ። ውሸት የለበትም። ግን አምስተኛውን ስታነብ አንደኛውን ረስተኸዋል። አንዳንዱ ደግሞ ፖለቲካ ያወራል። አንዱ «ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅ ነው የጻፈው፣ አልተቆጣነውም። ግን ያ ደብዳቤ አይሄድም። እናቱን አነጋግረን ልጁ ሌላ ጻፈ። ሁለተኛው ስለ ወለቀው ጥርሱ ነው። በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነው።

እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ለማላውቀው ሰው ምን ልበል? አራተኛው ላይ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ስለሱ ጻፍኩ። «ይህን ስጽፍልህ የኩሽናዬ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ብሶበት ይሰማል። ሥሩ ሰሃን አስቀምጬ ነበር፣ ድምፁ ጨመረ። ጨርቅ አስቀመጥኩ፣ ቀነሰ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ነን።» ቀጥዬ ስለ መስኮቴ፣ ጠዋት ስለሚያልፈው ውሻ፣ ስለ ዝናቡ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «መመለስ ግዴታ የለብህም» አልኩት። ሁለት ገጽ ሞላ።

ለሌሎቹም የነገርኳቸው ይኼንኑ ነው። ስለ እሱ ጀግንነት ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ቀን ጻፉ። እሱ የሚናፍቀው ተራውን ነገር ነው። ለሰዎቹ ደግመው እንዲጽፉ ሁለት ቀን ሰጠናቸው። አሥራ ዘጠኙ ደግመው ጻፉ።

ደብዳቤ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው የ6888ኛውን የፖስታ ሻለቃ ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ለአሜሪካ ወታደሮች የመጣ ፖስታ መጋዘን ሞልቶ ተከምሮ ነበር። ወደ 17 ሚሊዮን ይገመታል። ወታደሩ ከቦታ ቦታ ስለሚዛወር ፖስታው አያገኘውም። ሥራው በሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ ለሚመሩ 855 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ተሰጠ። ብርድ ነው፣ መስኮቱ በጥቁር የተቀባ ነው፣ ክምሩ ውስጥ አይጥ አለ። በሦስት ፈረቃ ቀንና ሌሊት ሠሩ። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ስም ብቻ 7,500 ነበር። አንዱን ከአንዱ የሚለዩት በመለያ ቁጥሩ ነው። ስድስት ወር የተሰጣቸውን በሦስት ወር ጨረሱት። መፈክራቸው «ፖስታ ከሌለ ሞራል ይወድቃል» ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አሥራ ሁለቱን አድራሻዎች ተነሥቼ እንደገና አመሳከርኩ። ሁለቱ ላይ ፊደል ተሳስቷል።

ደብዳቤዎቹን እኩል አከፋፈልናቸው። ሰባት ሰው በኋላ ጨምረውልን ሃያ ስድስት ነበሩ፣ ሁለቱ ከእጃችን ቀሩ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደረሰው። ከደብዳቤዎቹ ጋር ባዶ ወረቀት፣ ፖስታና ሁለት እስክሪብቶ አስገባን። መመለስ የፈለገ ሰው ወረቀት ፍለጋ እንዳይሄድ።

24ኛ ቀን

ዛሬ አፈርኩ።

ደብዳቤ ልወስድ እናቱ ቤት ሄድኩ። የበራቸው ማጠፊያ ወልቆ በሩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ነው የሚዘጉት። «መቼ ተበላሸ?» አልኳቸው። «ልጁ በሄደ በወሩ። እሱ ነበር የሚያየው» አሉኝ። ለሦስት ወር ተኩል እዚህ ቤት ስገባ ስወጣ አላየሁትም። ስለ ልጃቸው ካርቶን ሳወራ በሩን ራሳቸው ይዘጉልኝ ነበር።

ቁጭ ብለን አወራን። የሐኪም ቀጠሮ አምልጧቸዋል፣ የሚወስዳቸው ጠፍቶ። የሚሞላ ቅጽ አለ፣ ዓይናቸው አያነብላቸውም። ለልጃቸው ግን አልነገሩትም። «እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል፣ ሐሳብ ነው የምጨምርበት» አሉኝ። እሱም እኮ ብዙ ነገር አይነግራቸውም። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ላለማሳሰብ ነው የሚደባበቁት።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቼ መጥተው ማጠፊያውን ቀየሩ። አንድ ሰዓትም አልፈጀም። ማታ ተራ አወጣን። አንዱ ለሐኪም ቤት፣ አንዱ ለወረቀት ጉዳይ፣ አንዱ ቤት ለሚበላሽ ነገር፣ ሁለታችን እሑድ እሑድ አብረናቸው ለመዋል። ስንሄድ «ምን እንርዳ?» አንልም። እሱን ስንላቸው «ምንም አልፈልግም፣ እግዜር ይስጣችሁ» ነው የሚሉት። «ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ» ስንላቸው ግን እሺ ይላሉ።

ወታደር ለመርዳት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ካለው ካርቶኑን ይተወው። ቤቱን ይይለት።

26ኛ ቀን

በሩ እንደተሠራ እናቱ ጽፈውለታል። የመለሰው «አሁን ተኛሁ» የሚል ብቻ ነው።

28ኛ ቀን

ፖስታ ቤት። አሥራ ሁለት የጉምሩክ ቅጽ። እኔ «ስጦታ» ብዬ ጽፌ ሄጄ ነበር። ሁሉም ተመለሰ። ምን እንዳለ፣ ስንት እንደሆነ፣ ግምቱ ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ ይጻፋል። «የሱፍ ካልሲ፣ 3 ጥንድ» ተብሎ ነው። ደግሜ ሞላሁ፣ እጄ ዛለ።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፣ አንዳንድ ጦር የራሱ የፖስታ ቁጥር አለው። የአሜሪካና የእንግሊዝ እንዲህ ናቸው። እዚያ ላይ ወታደሩ ያለበትን አገርና ከተማ መጻፍ አይገባም። አገሩን ከጻፍክ ጥቅሉ ከወታደራዊው መስመር ወጥቶ በሲቪሉ ፖስታ ሊገባ ይችላል። ቦታውንም አጋለጥክ ማለት ነው። የተሰጠህን አድራሻ እንዳለ ጻፍ፣ ምንም አትጨምር።

አሥራ ሁለቱም ሄዱ። ባዶ ሳሎን ገባሁ። ከፋኝ።

30ኛ ቀን

ከእኛ አንዱ የካርቶኖቹን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ አገኘሁት። ደስ ብሎት ነው። ግን የሦስት ሰው ስም ከነማዕረጉና የክፍሉ ቁጥር ይነበባል። ደወልኩለት። ወዲያው አጠፋው፣ በጣም ደነገጠ። ስም፣ ክፍል፣ ቦታ፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ እነዚህ አራቱ ከእኛ አፍ አይወጡም። ስልክ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም። እናቱም «መቼ ነው የሚመጣው?» የሚላቸውን ሰው «እግዜር ሲል» እያሉ ይመልሳሉ።

37ኛ ቀን

ዝም ብሏል። እሑድ እናቱ ጋ ዋልን።

45ኛ ቀን

አሁንም ዝም። ዜና መከታተል አቁሜአለሁ፣ ሰምቼ ለእናቱ ፊቴን መደበቅ አልችልም። ቀጠሯቸውን ሄደው መጥተዋል። መድኃኒታቸው ተቀየረ።

53ኛ ቀን

ደረሰ! አሥራ አንዱ ደርሷል። አንዱ ካርቶን መንገድ ላይ ነው፣ የፊደል ስህተት ከነበረባቸው ሁለቱ መሐል ይሁን አይሁን አላወቅንም። አሥራ አንዱ ተካፍለው ለአሥራ ሁለተኛው እኩል አድርገውለታል። እኛ ብንለፋም እኩልነቱን የጨረሱት እነሱ ናቸው።

የልጁ ዝርዝር እንዲህ ነው። ዚፕ ላስቲኮቹ አንደኛ። ስልክ፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ሁሉም በነሱ ተይዟል። ዋይፕስ ሁለተኛ፣ በሳምንት አለቀ። ካልሲው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ሰው ጠበበው። ቁጥር አልጠየቅንም ነበር። ለሚቀጥለው ተጽፏል። ኮፍያዎቹን ሌሊት ያደርጓቸዋል። ለውዙ በዚያው ማታ አለቀ። ሳሙናው ብዙ ነው፣ አትላኩ ብሏል። የጥርሱ ልጅ ደብዳቤ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅሏል።

61ኛ ቀን

ፖስታ መጣልኝ። የእኛው ወረቀት ነው፣ ያስገባነው። ጽሑፉ ወደ ቀኝ የዘመመ፣ ብዙ ያልጻፈ ሰው እጅ ይመስላል። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ያ ፖስታ መጥቶለት የማያውቀው ልጅ ይሁን አይሁን አላወቅኩም፣ ልጠይቅም አልፈልግም።

«ደብዳቤዎን አነበብኩ። ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው። ቧንቧው ጨርቅ አይፈልግም። መጀመሪያ ውሃውን ከቆጣሪው ይዝጉ። ከዚያ እጀታውን ይፍቱት። ውስጡ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች፣ እሷ አርጅታ ነው። አሮጌዋን ይዘው ይሂዱና በልኳ ይግዙ። ሲመልሱት ብዙ አያጥብቁት። ከዚህ በፊት ይህን ሥራ እሠራ ነበር። ተሠርቶ እንደሆነ ይጻፉልኝ።»

ውሃውን ዘጋሁ። እጀታውን ፈታሁት። ቀለበቷ መሐሏ ተሰንጥቃለች፣ አንድ ጎኗ አልቋል። በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ነገ ጠዋት ልኳን እገዛለሁ፣ ማታ እጽፍለታለሁ። ደብዳቤው ውስጥ አሮጌዋን ቀለበትም አስገባለታለሁ፣ ትክክል እንደነበረ እንዲያይ።